ፀሐዩ ላይ ቁሙ

«ራሱ እኮ አምኗል፤ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?» አለች ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከእስከዳር ፊት የተሰለፈችው ሴትዮ ለጎረቤቷ። ጎረቤቲቱም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ ይርዳው ጣቢያ ከገባ ወዲህ ሌላ ቃል አልወጣውም አሉ፣ መርማሪው የአባቱን ስም ሲጠይቀው እንኳ የሚመልሰው «እኔ ነኝ የገደልኳት» ብሎ ነው አሉ፣ አለች። ከኋላ የቆመ አንድ ጎረምሳ ደግሞ ጠጥቶ ጥይት የሚተኩስ ሰው መጨረሻው ይሄው ነው ብሎ ጨመረበትና ወሬው ወደ ዳቦው ማነስ ዞረ፤ ባለፈው ወር መዳፍ የሚሞላው ዳቦ ዛሬ በዚያው ዋጋ እንቁላል አክሎ እንደቀረ ሁሉም አማረሩ። እስከዳር ተራዋ ሊደርስ ሲል ከሰልፉ ወጥታ ሄደች።

የሆነውን ሰቆጣ ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው እሑድ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ በአንዷለም ሠርግ ላይ፣ ሙሽራዋ ወደ ዳሱ ስትቃረብ የሙሽራው ወገኖች ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ ደግነው አንድ ላይ ለቀቁት። ጭሱ ገለል ሲል የሙሽራው አክስት ጥሩሐረግ የጠላ ማንቆርቆሪያዋን እንዳቀፈች ከድንጋይ ካቡ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ያያት ሁሉ ደክሟት አረፍ ያለች ነው የመሰለው። መኪና ተፈልጎ፣ ሆስፒታል ሳትደርስ፣ መንገድ ላይ አለፈች። ከተኳሾቹ ሁሉ ለእሷ የቀረበው ይርዳው ነበር፤ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው፣ ዝምተኛ ሰው፣ ለሠርጉ ብሎ የአማቱን ካፖርት ተውሶ የመጣ። ጠመንጃውን መሬት ላይ ወርውሮ «ገደልኳት! እኔ ነኝ!» እያለ ፊቱን ሲነጭ ሰው ሁሉ አየው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው የጠየቀ የለም። እስከዳር የሠርጉ ቪዲዮ አንሺ ነበረች።

የቪዲዮ ቤቷ መናኸሪያው አጠገብ ባለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በቀትርም ይበርዳል። ፊት ለፊት ለጉርድ ፎቶ የሚሆን ሰማያዊ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ አንድ የተቀደደ ሶፋ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ኮምፒዩተሩ በዳንቴል ተሸፍኖ። መብራት ጠዋት ከመጣ ከቀትር በፊት ስለሚሄድ ሥራዋን የምትሠራው በሩጫ ነው። የሙሽራው ቤተሰብ ልኮባት ነበር፤ የሆነው ሆኗል፣ ቪዲዮውን ጨርሽልን፣ ያችን ቦታ ግን ቆርጠሽ አውጪያት ብለው። ሳምንቱን ሙሉ የሽምግልናውን፣ የጭፈራውን፣ የኬኩን ስታቀናብር ሰንብታ ወደ ተኩሱ አልደረሰችም ነበር። ልትደርስ አልፈለገችም።

ተኩሱን ያነሳችው በስሎው ነው። ሰቆጣ ውስጥ አሁን ስሎው የሌለበት ሠርግ ሠርግ አይባልም፤ የሙሽራዋ ቬሎ ሲንሳፈፍ፣ የተበተነው ቄጠማ አየር ላይ ሲቆይ፣ ቀለሁ ከጠመንጃው እየተሽከረከረ ሲወጣ ካላዩ ከፋዮቹ ያኮርፋሉ። ስልኳ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሁለት መቶ አርባ ሥዕል ያነሳል፤ ያ ሁሉ ሥዕል በዝግታ ሲጫወት ዓይን ተርገብግቦ የሚያልፈው ነገር ቁጭ ብለው የሚያዩት ይሆናል። ታዲያ ሥዕሉ ሲበዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ጥላ ውስጥ ይጨልማል። ለዚህም ነው ያን ዕለት ዳሱ ሥር ቆመው የነበሩትን ሰዎች «ኧረ እባካችሁ ፀሐዩ ላይ ቁሙልኝ፤ ወደ ካቡ ጠጋ በሉ፤ እጄን ሳወርድ አንድ ላይ!» ያለቻቸው። ሰዎቹ እየሳቁ፣ እየተገፋፉ፣ እንደ ተማሪ ተሰለፉላት። እጇን አወረደች።

ያን ጠዋት ፋይሉን ከፈተችው። መጀመሪያ በተለመደው ፍጥነት አየችው፤ አንድ ጩኸትና አንድ ጭስ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ከዚያ ወደ ስሎው መለሰችው፤ ድምፁንም አጠፋችው፤ ሲዘገይ እልልታው የታመመ ከብት ጩኸት ይመስላል። ይርዳው ጥግ ላይ ቆሟል። ሲተኩስ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ የጠመንጃው አፈሙዝ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው፤ ቀለሁ ሲወጣም፣ ሰደፉ ትከሻውን ሲገፋውም ከሰማይ አልወረደም። ከይርዳው ኋላ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ተኩሷል። ከዳሱ በኩል ሙሽራው አንዷለም በደስታ እጁን አንስቶ ስሙን ጠራው፤ ሰውየው ሊስቅ ዞረ፤ ሲዞር ጠመንጃው አብሮት ዞረ፣ በይርዳው ትከሻ ላይ አልፎ ወረደ፣ ጣቱ ግን ቃታው ላይ ቀርታ ነበር። ብልጭታው የታየው በአንዲት ሥዕል ላይ ብቻ ነው። ከፊቷም የለም፣ ከኋላዋም የለም። ከብልጭታው በኋላ ካቡ አጠገብ የጥሩሐረግ ነጠላ ደረቷ ላይ እንደ መንቀጥቀጥ አለ።

ሰውየው ካሤ ነው፤ ወንድሟ። እስከዳር እናትና አባቷ ተከታትለው ሲሞቱ ካሤ አምደወርቅ ድረስ ሄዶ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣት፣ ሚስት አግብቶም ከቤቱ ያላስወጣት፣ ያስተማራት ወንድሟ። ያነሳችበትን ስልክ ራሱ ከጅዳ ያስመጣላት እሱ ነው። ደግማ አየችው። ደግማ ባየችው ቁጥር ሌላ ሰው ይሆናል ብላ ይመስል እንደገና መለሰችው፤ ሳቁ ግን የካሤ ሳቅ ነው፣ የተሰበረው የፊት ጥርሱ ሳይቀር።

መጋረጃው ተገልጦ ትርፌ የገባችው በዚህ መሀል ነው፤ የይርዳው ሚስት። እስከዳር ስክሪኑን አጠፋች። ትርፌ የጽጽቃ ሰው ናት፤ አማርኛዋ አገውኛ አገውኛ ይላል፣ ቃል ሲጠፋት እጇን ታወናጭፋለች። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የመጣችበትን ወዲያው አልተናገረችም፤ የቤቱን ብርድ አነሳች፣ የመብራቱን መምጣት አደነቀች፣ መጋረጃው ስንት ብር እንደወሰደ ጠየቀች። ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፦

«እሱ እኔ ነኝ ይላል። እኔ ደግሞ ልቤ አልቀበል አለኝ። ይርዳው ዶሮ ለማረድ ጎረቤት የሚጠራ ሰው ነው። አንቺ አንስተሻል አሉኝ። በዓይኔ ልየውና ይቁረጥልኝ» አለች።

እስከዳር አሳየቻት። ያሳየቻት ግን በተለመደው ፍጥነት ያለውን ነው። ጩኸቱና ጭሱ አለፈ። ትርፌ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ፣ አንዴ ድገሚልኝ አለቻት፤ ደገመችላት። በጭሱ ውስጥ የሚለየው ይርዳው ከሴትየዋ አጠገብ መቆሙ ብቻ ነው። ትርፌ «እንግዲያው እሱ ነው» አለች። ስትነሳ እስከዳርን እጇን ያዘቻት፤ «እግዜር ይስጥሽ፤ ሌላው ሰው ደጁን ነው የዘጋብኝ» ብላ አመስግናት ወጣች። ጫማዋ ድንጋዩ ላይ ሲርቅ እስከዳር ትሰማዋለች። ተጠርታ ልትመለስ የምትችልበት ጊዜ ነበር፤ እስከዳር ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

ቀትር ላይ ለምሳ ወደ ቤት ሄደች። የምትኖረው ካሤ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ምሳና እራት ግን ከእነሱ ጋር ነው። ካሤ የማር ነጋዴ ስለሆነ ሳሎኑ በጀሪካንና በጣሳ ተሞልቶ እግር ማሳለፊያ የለውም፤ ንብ ከበሩ አይጠፋም። ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሚስቱ መስታወት ሽሮውን አቅርባ፣ ማር ከዝቋላ በኩል መምጣቱን ቢያቆም ዋጋው ወዴት ሊሄድ ነው እያለች ታወራለች፤ ካሤም የሌላ ነጋዴ ማር በስኳር የተደባለቀ መሆኑን፣ እሱ ግን ስሙን እንደማያበላሽ ይናገራል። ከዚያ ጠዋት ስለ ይርዳው ጉዳይ ከሽማግሌዎች ጋር መዋሉን አነሳ። የሟች አባት ለዘብ ብሏል፣ ጠበቃውም ተስፋ ሰጥቶኛል አለ። ከተማው ሰሞኑን ካሤን የሚያነሳው በዚህ ነው፤ ለማይዛመደው ዘበኛ ደጅ የሚጠና ደግ ሰው።

«ጋሼ» አለች እስከዳር፣ «አንዷለም ሲጠራህ ዞረሃል።»

«መቼ?»

«ሲተኮስ።»

ካሤ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ አፉ ሳያደርስ ትሪው ላይ መልሶ አኖረው። መስታወት አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች፤ ከዚያ ልጆቹን ሂዱ ውጭ ተጫወቱ ብላ አስወጣቻቸው፤ ራሷ ግን አልወጣችም። ካሤ እጁን ሊታጠብ ተነሳ፤ ውሃውን ራሱ አፈሰሰ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ታጠበ፣ ጀርባውን እንደሰጣቸው ቆየ።

«ያ ሁሉ ሰው ነው የተኮሰው» አለ በመጨረሻ። «የማን ጥይት እንደሆነ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።»

«እኔም አይቼዋለሁ።»

«ይርዳው እኮ አምኗል። የሚሆነውን ሁሉ እያደረግሁለት ነው። ሲወጣም አቋቁመዋለሁ። እሱ ልጅ የለውም። እኔ ብገባ እነዚህ ማን አላቸው?» ዞሮ ተመለከታት። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይቀላት ነበር። «ደግሞስ ፀሐዩ ላይ ቁሙ ያልሽን አንቺ አይደለሽ? እሱንስ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«እነግራቸዋለሁ» አለች። ይህን እስክትል ድረስ ምን እንደምታደርግ አልቆረጠችም ነበር። መስታወት ትሪውን አነሳች፤ ማንም እንዳልበላ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ጣቢያው ስትደርስ መርማሪው ወንዳወቅ ከምሳ አልተመለሰም ነበር። ጠበቀችው። ግቢው ውስጥ ግራር ሥር ትርፌ ተቀምጣለች፤ ከሩቅ በአንገቷ ሰላም አለቻት፣ እስከዳር ወደ እሷ መሄድ አቃታት። መርማሪው ሲመጣ ቪዲዮውን በራሱ ኮምፒዩተር ልክፈተው ብሎ ሞከረ፤ ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ሥዕሉ እየዘለለ፣ እየተንጠለጠለ አስቸገረ፤ በመጨረሻ ከስልኳ ላይ አሳየችው። ወንዳወቅ ሥራውን የሚያውቅ፣ ቀዝቃዛ ሰው ነው። አይቶ ሲጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፦

«የእህቴን ልጅ ሠርግ ያነሳሽው አንቺ ነሽ» አላት። «ሙሽራውን ደመና ላይ አስኪደሽዋል። ይሄ ደግሞ ቅንብር አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ቅንብር ቢሆን የራሴን ወንድም እዚያ አስገባለሁ?»

ወንዳወቅ ይህን አሰበበት። ከዚያ ወረቀት ስቦ ሰዎቹን እዚያ ያቆማቸው ማን እንደነበር ጠየቃት። «እኔ ነኝ» አለች፤ ብርሃን ፈልጌ ነው፣ እጄን ሳወርድ ተኩሱ ያልኳቸውም እኔ ነኝ። እሱ ጻፈው። ጽፎም ሲያበቃ ስልኩ እዚህ ይቀራል፣ አንቺም ከከተማው አትወጪም አላትና ካሤን እንዲጠሩ ሰው ላከ።

ወደ ግቢው ስትወጣ ትርፌ ከግራሩ ሥር ተነስታ መጣች። ከፖሊሶቹ አንዱ ነግሯት ኖሯል። ከእስከዳር አንድ እርምጃ ቀርቷት ቆመች።

«ጠዋት ስመጣ አይተሽው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

ትርፌ በአገውኛ አንድ ነገር አለች። እስከዳር ቋንቋውን አትሰማም፤ እንዲተረጎምላትም አልጠየቀችም። ትርፌ ነጠላዋን አጣፍታ ተመልሳ ዛፉ ሥር ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ግንዱ አዙራ።

ካሤ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ መጣ፤ እስከዳርንም መልሰው አስገቧት። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሁሉ ያውቁታል፤ ተነስተው ወንበር ሰጡት። መርማሪው ስልኩን ፊቱ አድርጎ ሲያጫውትለት ገና ሳያልቅ «ይሄ ቅንብር ነው፤ የእህቴ ሥራ ይሄው ነው፤ የሌለ ሰው ታስጨፍራለች» አለ። እስከዳርን አላያትም። ወንዳወቅ ከመጀመሪያው አስጀመረው። ሁለተኛውን ጊዜ ካሤ ዝም ብሎ አየ። ሦስተኛውን ጊዜ ራሱ ጣቱን ዘርግቶ አስቆመው፣ ወደ ፊቱ አስጠግቶ ተመለከተው። የሚያየው ጠመንጃውን አልነበረም። ካቡ ሥር ጥሩሐረግ በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጋ፣ በሌላው ብርጭቆውን ዘርግታ፣ ከብልጭታው በፊት ቀጥታ ወደ እሱ እያየች ፈገግ ብላለች። እስከዳር ይህን አላስተዋለችውም ነበር፤ ጠዋት ዓይኗ ከወንድሟ ፊት ተነስቶ አያውቅም።

«ልትቀዳልኝ ነበር» አለ ካሤ። ድምፁ ከእሱ የወጣ አይመስልም ነበር። «ካሤ፣ ጉሮሮህ ደረቀ ብላኝ ነበር። ልትቀዳልኝ ነው የመጣችው።» ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሁሉ ከጋቢው ውስጥ ሆኖ ነው የተናገረው፤ ጥይቱ ከእጁ ሲወጣ እንደታወቀው፣ ይርዳው ሲጮህ «እንግዲህ እኔ አልሆንም» ብሎ ራሱን እንዳስተኛ፣ ለይርዳው ደጅ በጠና ቁጥር ግን እንቅልፍ ጭራሽ እንደራቀው። ወንዳወቅ ቀስ ብለው ይናገሩ፣ ልጻፈው አለው።

ይርዳውን ካለበት አውጥተው ነገሩት። ያንኑ የተዋሰውን ካፖርት ለብሶ ነበር። ትርፌ ክንዱን ይዛ «ሰማህ? አንተ አይደለህም!» እያለች ብትነቀንቀውም ሰውየው አልዘለለም፣ አላለቀሰም። የሚሉትን አድምጦ ሲያበቃ መርማሪውን አየና «ታዲያ የኔ ጥይት የት ወደቀች?» አለ። ሌላ መንደር የሞተ ሰው ስለመኖሩ ሰምታችሁ እንደሆን ብሎ ደግሞ ጠየቀ። ነገ ፍርድ ቤት ቀርበህ ትለቀቃለህ ብለው መልሰው አስገቡት፤ ትርፌ በሩ እስኪዘጋ ቆማ አየችው።

ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር እስከዳር ቤት ስትደርስ። የግቢው በር ተዘግቷል። ስታንኳኳ ትንሿ ልጅ «እስኩ መጣች!» ብላ ስትሮጥ ተሰማት፤ ወዲያው ሩጫው ተቋረጠ፣ በሹክሹክታ አንድ ነገር ተባለ። ቆይቶ መስታወት ራሷ ከፈተች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራለች። እስከዳር ስድብ ጠበቀች፤ ተዘጋጅታም ነበር፤ «እትዬ…» ብላ ጀመረች። መስታወት አላስጨረሰቻትም። በፎጣ የተቋጠረ ሳህን አመጣችና እጇ ላይ አኖረችው። ትኩስ ነበር።

«እራቱ ነው» አለች። «እኔ እንዲህ ሆኖ ላየው አልችልም። ያስገባሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ውሰጂለት።» በሩን ልትመልስ ስትል ቆም ብላ «በርበሬውን ቀንሼዋለሁ፤ ጨጓራው እንዳይነሳበት» አለች፤ ዘጋችው።

እስከዳር ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ የመጣችበትን መንገድ ተመለሰች። ባጃጅ ቆሞ ጠይቋት ነበር፣ ራሷን ነቀነቀች። የመናኸሪያው ሱቆች መዝጋት ጀምረዋል፤ ጠዋት ዳቦ ቤት ከፊቷ ተሰልፋ የነበረችው ሴትዮ ከማዶ ሆና አየቻት፣ ከአጠገቧ ላለችው ተጠግታ አንድ ነገር ነገረቻት። ወሬው ቀድሟታል። ጣቢያው በር ላይ ያለው ጠባቂ ቀን ያልነበረ ልጅ እግር ነው፤ ስሟንም ነገሩንም አያውቅም።

«ለማን ነው?»

«ለካሤ።»

«ምኑ ነሽ?»

ሳህኑ መዳፏን አቃጥሏት ነበር፤ እጇን ቀያየረች።

«እህቱ ነኝ።»

ጠባቂው ፎጣውን ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ፣ በእንጨት እንጀራውን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየ። ደንቡ ነው፤ ምግቡ ለእስረኛው ከመግባቱ በፊት ያመጣው ሰው ራሱ ይቀምሳል፤ መርዝ እንዳይኖርበት።

«ቅመሺለት» አላት።

ጫፉን ቆርሳ ከወጡ አጠቀሰችና ጎረሰች። አኘከችው። ሊወርድላት አልቻለም። ጠባቂው ክዳኑን እንደያዘ፣ ዓይኑን ከጉሮሮዋ ላይ ሳያነሳ፣ ይጠብቃታል።

«ዋጪው እንጂ» አላት።